በ400 ዶላር ኮርስ ሳይክል፦ ከሦስቱ የትኛውን ልግዛ?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜ ቅዳሜ በማውንት ቨርነን ትሬይል በተባለው የሳይክል መንገድ ኮርስ ሳይክል (መሪው የታጠፈ፣ ጎማው ቀጭን የሆነውን) ይነዳሉ፤ እኔም ልቀላቀላቸው ፈልጌያለሁ። ለዚህ ያስቀመጥኩት 400 ዶላር ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር አልችልም። ሦስት ሳይክል አይቻለሁ። አንደኛው ትልቅ መደብር ውስጥ ያለ አዲስ፣ 230 ዶላር። ሁለተኛው ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ የወጣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2006 ካርቦን፣ መጠኑ 54፣ 380 ዶላር፤ ሻጩ ትንሽ ሰርቪስ ብቻ ነው የሚፈልገው ይላል። ሦስተኛው ትሬክ ሌክሳ የሚባል የሴቶች ሳይክል፣ መጠኑ 50፣ 260 ዶላር፤ ቤዝመንት ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጧል አሉኝ። የትኛውን ልግዛ? ስለ ሳይክል የማውቀው ልጅ ሆኜ ባሕር ዳር በኪራይ የነዳሁትን ብቻ ነው።»

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናወራለን። አዲሱን ተዪው። ካርቦኑንም ተዪው። ሌክሳውን ሄደሽ እዪው፤ ግን 260 አትክፈዪበት።

እዚህ አካባቢ ሳይክል ስጠግን ብዙ የሀበሻ ልጆች ይጠይቁኛል። ሁሉም የሚጠይቁት «የትኛው ሳይክል ይሻላል?» ብለው ነው። ኪስ ሲጠብ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ሳይክሉን ከገዛሁ በኋላ ስንት ይተርፈኛል? 400 ዶላር ይዘሽ የ400 ዶላር ሳይክል ብትገዢ ሄልሜት የለሽም። ፖምፓ የለሽም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎማሽ ቢተነፍስ የምትቀይሪው ከመነዳሪ የለሽም። ያገለገለ ሳይክል ደግሞ ሻጩ ምንም ቢምል የሆነ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ለሳይክሉ ለራሱ ከ220 እስከ 250 ዶላር መድቢ። የተረፈው መንገድ ላይ የሚያወጣሽ ገንዘብ ነው።

አሁን አዲሱን እንየው። 230 ዶላር፣ ማንም ያልነካው፣ የሚያብረቀርቅ። ደስ ይላል፣ አልዋሽሽም። ነገር ግን ዋጋው የወረደው ዓይን በማያየው ቦታ ላይ ተቆጥቦ ነው። ኩሽኔታው ርካሽ ነው። ቸርኬው፣ ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት፣ ቶሎ ይጣመማል። ክብደቱ ባብዛኛው 13 እና 14 ኪሎ ይሆናል፤ ደህና ያገለገለ አሉሚኒየም ኮርስ ግን 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ማውንት ቨርነን ትሬይል ባብዛኛው ሜዳ ስለሆነ ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ላይሰማሽ ይችላል። መጨረሻ ላይ ወደ ጆርጅ ዋሽንግተን ቤት የሚያወጣው አቀበት ላይ ስትደርሺ ይሰማሻል።

መጠኑም አለ። እንዲህ ያሉት ሳይክሎች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በአንድ ወይም በሁለት መጠን ነው፤ ያም ላንቺ ቁመት ታስቦ አይደለም። የሚገጥማቸውም የሳይክል ባለሙያ አይደለም። ጠዋት የጥብስ ምድጃ ሲገጥም አርፍዶ ከሰዓት ወደ ሳይክል የሚዞር ሠራተኛ ነው፤ ልጁን አልወቅሰውም፣ ያላሠለጠኑትን ነው የሚያሠሩት። የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወደ ኋላ ዞሮ የተገጠመ አዲስ ሳይክል ሱቃችን ገብቶ ያውቃል። ባለቤቱ «መሪው ትንሽ ይከብደኛል» ብሎ ነው ያመጣው።

ካርቦኑ ሌላ ጉዳይ ነው። የ2006 ካርቦን በዘመኑ ውድ ሳይክል ነበር፤ ምናልባት ከ2,000 ዶላር በላይ ተገዝቶ ይሆናል። ሻጩም ይህን ያስታውስሻል። ላንቺ ግን አይሆንም። አንደኛ፣ 54 ነው። 54 ባብዛኛው 1 ሜትር ከ70 እና ከዚያ ትንሽ ከፍ ለሚል ሰው ነው። ጫማ 37 የምታደርጊ ሰው 40 ቁጥር በቅናሽ ስላገኘሽ አትገዢም፤ ሳይክልም እንዲሁ ነው። ኮርቻውን ዝቅ ብታደርጊው እንኳ መሪው ይርቅሻል፤ ክንድሽ ተወጥሮ አንገትሽንና ትከሻሽን ያምሻል፤ ከሁለት ወር በኋላ ሳይክሉ ግድግዳ ተደግፎ ልብስ ማንጠልጠያ ይሆናል። ሁለተኛ፣ አሉሚኒየም ሲመታ ይሰረጉዳል፤ ታዪዋለሽ። ካርቦን ግን ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። የማያውቁትን አሮጌ ካርቦን መግዛት መመርመር ለሚችል ሰው የሚሆን ጨዋታ ነው። ሦስተኛ፣ «ትንሽ ሰርቪስ ብቻ» የምትለው ነገር። ሰርቪሱ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ሻጩ ራሱ አስደርጎት ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይሸጠው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ሙሉው ምክሬ የቆመው በሱ ላይ ነው። ጥሩ ኮርስ ሳይክል በ250 ዶላር መገኘቱ ሳይክሉ ስለተበላሸ አይደለም፤ ፋሽን ስላለፈበት ነው። የዓለም የብስክሌት ማኅበር በ2018 የዲስክ ፍሬንን፣ ቸርኬውን ሳይሆን ጎማው መሃል ላይ ያለ ክብ ብረት የሚይዘውን፣ በኮርስ ውድድር ሙሉ በሙሉ ፈቀደ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ቸርኬውን በሚይዘው ፍሬን መሥራት ተዉ። በ2022 ደግሞ ሺማኖ የሚባለው የማርሽና የፍሬን ፋብሪካ 105፣ የመካከለኛው ነጂ ዕቃ የሚባለው፣ ባለ 12 ማርሽና ኤሌክትሪክ ሆኖ መጣ። ገንዘብ ያለው ሰው አዲሱን ለመግዛት አሮጌውን እየሸጠ ነው። አሮጌው ግን ምንም አልሆነም። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ቱር ላይ ሁሉም የነዱት ቸርኬ በሚይዝ ፍሬን ነበር፤ የዲስኩ ሙከራ ከጥቂት ወራት በፊት ታግዶ ነበርና። ፅጋቡን በአልፕስ ቁልቁለት ያቆመ ፍሬን አንቺን አሌክሳንድሪያ ላይ ያቆምሻል።

በዚህ በጀት የምትፈልጊው እንግዲህ ይኼን ነው፦ ከ2009 እስከ 2016 አካባቢ የተሠራ፣ ቴላዮው፣ ማለትም የሳይክሉ አካል፣ አሉሚኒየም የሆነ፣ ፍሬኑ ቸርኬ የሚይዝ፣ ማርሹ ሺማኖ። ከኋላ 8 ማርሽ ቢሆን 9 ወይም 10 ቢሆን አትጨነቂ። እንዲያውም ማርሹ ሲያንስ ሰንሰለቱም መለዋወጫውም ይረክሳል፤ ባለ 8 ሰንሰለት 15 እና 18 ዶላር ታገኚያለሽ። ፊት ለፊት ሦስት ማርሽ ያለውን ሰዎች «የጀማሪ ነው» እያሉ ይንቁታል። አቀበት ላይ ግን ትንሿ ማርሽ ስትገባልሽ የናቁሽን ታልፊያቸዋለሽ።

ሌክሳ ከዚህ መግለጫ ጋር ይገጥማል። ትሬክ ለሴቶች ብሎ የሠራው አሉሚኒየም ሳይክል ነው። 50 ቁጥሩም ባንቺ ቁመት ክልል ውስጥ ነው፤ 1 ሜትር ከ60 ላለው ሰው ባብዛኛው ከ48 እስከ 51 ያለው ይሆናል። ግን ቁጥሩን ብቻ አትመኚ። እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ነው የሚለካው፤ ሳትቀመጪበት አትግዢ። ቤዝመንት ተቀምጧል መባሉም አያስደነግጥሽ። እኔ እንዲያውም ቤዝመንት የተቀመጠ ሳይክል ደስ ይለኛል። አንዱ ትሪያትሎን እጀምራለሁ ብሎ ገዝቶት፣ አንድ በጋ ነድቶት፣ ልጅ ሲወልድ የረሳው ነው። ብዙ አልተነዳም። የሚጎዳው በመቀመጥ ብቻ የሚጎዳው ነው፤ ጎማው ይደርቃል፣ የፍሬኑ ጎማ ይጠነክራል፣ መሪው ላይ ባለው ማርሽ መቀየሪያ ውስጥ ያለው ቅባት ይረጋል። እነዚህ ሁሉ የሚስተካከሉ ናቸው።

ከመሄድሽ በፊት ለሻጩ መልእክት ላኪና የመለያ ቁጥሩን ፎቶ ጠይቂው። ቁጥሩ ሳይክሉን ስትገለብጪው ፔዳሎቹ የሚገጠሙበት ቦታ ሥር ተመትቷል። ባይክ ኢንዴክስ የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ እዚያ አስገቢውና ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ መሆኑን እዪ። እዚህ ሀገር የሰው ሳይክል ገዝተሽ ባለቤቱ ቢያገኘው ሳይክሉም ይሄዳል፣ ገንዘብሽም ይሄዳል። ሻጩ ፎቶውን ለመላክ ካንገራገረ ነገሩ እዚያው ያብቃ። ስትሄጂ ሰው ይዘሽ ሂጂ፤ በቀን ሂጂ። የ12 ኢንች ማስመሪያ፣ 4 እና 5 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ፣ የስልክሽን መብራት ያዢ።

እዚያ ስትደርሺ መጀመሪያ የምታዪው ቀለሙን ሳይሆን የኮርቻውን ቧንቧ ነው። ብሎኑን ፍቺና ኮርቻውን ይዘሽ ግራ ቀኝ አዙሪው። ከዞረ ጥሩ። ካልዞረ ችግር ነው። የአሉሚኒየም ቧንቧ አሉሚኒየም ቴላዮ ውስጥ ያለ ቅባት ለዓመታት ሲቀመጥ ላብና እርጥበት ያጣብቀዋል። የሻጩ ቁመት ካንቺ ቢለይ ኮርቻው ላንቺ ቁመት ላይስተካከል ነው ማለት ነው። እሱን ለማላቀቅ አንዳንዴ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ቧንቧው ተቆርጦ ነው የሚወጣው። ይኼን ማንም ገዢ አይፈትሽም፤ ሁሉም ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጭኖ «አየር አለው» ብሎ ያልፋል። ኮርቻው ካልተንቀሳቀሰ «አመሰግናለሁ» ብለሽ ውጪ።

ቀጥሎ ቴላዮውን እዪ። በመብራቱ ከፊት ጀምሪ። መሪው ከሚገባበት ቧንቧ በስተኋላ፣ ወደ ታች ከሚወርደው ትልቅ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በጣትሽ ዳብሺው። ቀለሙ ተሸብሽቦ ወይም አብጦ ከሆነ ከፊት ተጋጭቷል። ከዚያ ፔዳሎቹ የሚገጠሙበት ዙሪያና የኋላው ጎማ የሚታሰርበት ቦታ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር እንዳለ ፈልጊ። የተጫረ ቀለም ምንም አይደለም። መስመር ግን ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዋጋ ስንጥቅ ያለበት ነገር አይገዛም። የመሪው ጫፍ፣ የፍሬን መያዣው ጎን፣ የፔዳሉ ጫፍና የኮርቻው ጎን በአንድ ወገን ብቻ ተፍቀው ካየሽ ሳይክሉ ወድቋል ማለት ነው። በቀኝ ከሆነ ከኋላ ቁሚና ከኋላ ማርሾቹ ሥር ተንጠልጥሎ ሰንሰለቱን የሚያዛውረውን ዕቃ እዪ። ከማርሾቹ ጋር ትይዩ ሆኖ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት፤ ወደ ራጂው፣ ቸርኬውን ወደወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ካዘነበለ የያዘችው ትንሽ ብረት ታጥፋለች። ብረቷ 20 ዶላር አካባቢ ናት፤ ከዋጋው የምታስቀንሺበት ምክንያት ናት እንጂ የምትሸሺበት አይደለችም።

ጎማዎቹን ከመሬት አንስተሽ አሽከርክሪ። ዓይንሽን ቸርኬውና የፍሬኑ ጎማ መካከል ባለው ክፍተት ላይ አድርጊ። ቸርኬው ወደ ግራና ቀኝ አንድ ሚሊሜትር ቢወዛወዝ ይስተካከላል። ከፍሬኑ ጋር እየተላተመ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም አንድ ራጂ ለብቻው የላላ ከሆነ አዲስ ቸርኬ ሊያስፈልግሽ ይችላል፤ ያ በጀትሽን ያፈርሰዋል። የፍሬኑ ጎማ የሚይዘውን የቸርኬ ጎን ደግሞ በጣትሽ ንኪው። ለጥ ያለ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ከተሰማሽ ብዙ ተነድቷል፣ ቸርኬው አልቋል። ይኼ ቤዝመንት ተቀመጠ የተባለውን ወሬ መፈተኛም ነው። ብዙ ያልተነዳ ሳይክል ቸርኬው አይሰረጉድም።

ሰንሰለቱን በማስመሪያው ለኪ። የአንዱን ፒን መሃል ዜሮ ላይ አድርጊና እሱን ሳትቆጥሪ ሃያ አራተኛውን ፒን ፈልጊ። አዲስ ሰንሰለት ላይ በትክክል 12 ኢንች ላይ ያርፋል። አንድ ሚሊሜትር ተኩል ካለፈ ሰንሰለቱን ትቀይሪያለሽ። ሦስት ሚሊሜትር ካለፈ የኋላ ማርሾቹም አብረው አልቀዋል፤ ለሁለቱ 50 ዶላር አስቢ። ዝገት ብዙ አያስፈራሽ። ላይ ላዩን የዛገ ሰንሰለት አስቀያሚ ነው፣ ግን በ18 ዶላር ይቀየራል፣ ሻጩም ስለሚያፍርበት ዋጋ ይቀንሳል።

የፊት ፍሬኑን ይዘሽ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፊው። ከመሪው ሥር ጓ ጓ የሚል ነገር ከተሰማሽ ላልቷል፤ ማጥበቅ ነው። ከዚያ ፊቱን አንስተሽ መሪውን ቀስ አድርገሽ አዙሪ። ልክ መሃል ላይ ሲደርስ የሚነክስ ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። ፔዳል የሚይዘውን ክንድም ወደ ጎን ወዝውዢው፤ መንቀሳቀስ የለበትም።

ሌክሳ ላይ በተለይ መሪው ላይ ያለውን ማርሽ መቀየሪያ ልብ በዪ። ከ2013 በፊት ከሆነ ርካሹ ሞዴል ከፍሬን መያዣው ውስጠኛ ጎን በአውራ ጣት የምትጫን ትንሽ ቁልፍ ሊኖረው ይችላል። ይሠራል፣ ምንም አይልም። ታች ያለውን የታጠፈውን መሪ ስትይዢ ግን አውራ ጣትሽ አይደርስበትም፤ ላይኛውን እየያዝሽ ትነጂያለሽ፤ አብዛኛው ሰው እንደዚያው ነው የሚነዳው። አንዱ ሰው የኋላውን ጎማ አንስቶ ፔዳሉን ያዙርልሽና እያንዳንዱን ማርሽ ወደላይም ወደታችም ቀይሪ። መቀየሪያው «ቀጭ» ሳይል ባዶውን ከተወዛወዘ ቅባቱ ረግቷል። ብዙ ጊዜ አልሞተም። ቅባት የሚያሟሟ ስፕሬይ ውስጡ ተነፍቶበት ደጋግሞ ሲጫን ይነሳል፤ ሻጮች ይኼን ስለማያውቁ ተበላሸ ብለው ይሸጣሉ። ነገር ግን እዚያው ቆመሽ ሃያ ጊዜ ያህል ተጭነሽው አንድም ጊዜ ካልያዘ 50 ዶላር አስቀንሺ፣ እንቢ ካለ ተዪው። አዲስ መቀየሪያ የሳይክሉን ግማሽ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል።

አሁን ውጪበት። ኮርቻውን ለማስተካከል ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርሽ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። በትክክል ስትነጂ ፔዳሉን በእግርሽ የፊት ክፍል ስለምትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ ይታጠፋል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። እጅሽን ፍሬኑ ላይ አድርጊ። ክርንሽ ትንሽ ከታጠፈ መጠኑ ልክ ነው። ተወጥሮ ከቀረ መሪው ርቋል። መሪውን ከሹካው ጋር የሚያገናኘው አንገት በ20 ዶላር በአጭር ይለወጣል፤ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ይመልስልሻል፣ ከዚያ በላይ ግን አይደለም። ጣትሽ አጭር ከሆነና ፍሬኑ ከራቀሽ ተስፋ አትቁረጪ፤ ብዙዎቹ መያዣዎች ወደ እጅ እንዲቀርቡ ማድረግ ይቻላል።

ባሕር ዳር የነዳሽው ሳይክል ላይ ጀርባሽ ቀጥ ብሎ ነበር የምትቀመጪው። እዚህ ትጎነበሺያለሽ፤ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የወደቅሽ ያህል ያስፈሩሻል። በዚያ አትፍረጂ፤ ሠፈሩን ሁለት ሦስቴ ዙሪ። ቀስ ብለሽ ስትታጠፊ የጫማሽ ጫፍ የፊት ጎማውን ቢነካው ሳይክሉ ተበላሽቶ አይደለም። ትንንሽ መጠን ያላቸው ኮርሶች ላይ የተለመደ ነው፤ ፈጠን ብለሽ ስትነጂ መሪውን ያን ያህል ስለማታዞሪው አይገጥምሽም።

ዋጋ መነጋገር ላይ ሀበሻ ምክር አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ ያየሽውን በስሙ ጥሪ። «ቀንስልኝ» ብቻ ብትዪ ዝም ይልሻል። «ሁለቱም ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሰንሰለቱ አልቋል፣ የፍሬኑ ጎማ ጠንክሯል፤ እነዚህን ለመቀየር 100 ዶላር ይወጣል» ብትዪ ግን ሻጩ ራሱ ሲያሰላው ታዪዋለሽ። 200 ብለሽ ጀምሪ፣ 220 ላይ ተስማሚ። 240 ቢሆን እንኳ መጥፎ አይደለም፤ ያኔ ጎማውን ለቀጣዩ ደሞዝ ታቆዪዋለሽ። ካሹን ይዘሽ ሂጂ። በእጅ ያለ ገንዘብ «ነገ ሌላ ሰው ይመጣል» የሚለውን ወሬ ያስጥላል።

በ220 ከገዛሽው የተረፈሽን 180 እንዲህ አድርጊው። ሁለት ጎማ 55 ዶላር፣ ከቻልሽ ስፋቱ 28 ሚሊሜትር፣ ካልገባ 25። ትሬይሉ ላይ የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሳበት ቦታ ብዙ ነው፣ የእንጨት ድልድዮችም አሉ፤ የቀድሞው 23 ቀጭን ጎማ አጥንትሽን ያንቀጠቅጠዋል። ድልድዮቹ ላይ ደግሞ ዝናብ ከጣለ በኋላ ፍሬን አትያዢ፣ መሪም አታዙሪ፤ ቀጥ ብለሽ እለፊ። ሁለት ከመነዳሪ 14፣ ሰንሰለት 18፣ የፍሬን ጎማ 13። ፖምፓ 30፤ ሁለቱንም ዓይነት አፍ የሚነፋ ይሁን፣ የኮርስ ጎማ አፉ ቀጭን ስለሆነ ነዳጅ ማደያ ያለው አይገጥምለትም። ጎማ ማውለቂያ ፕላስቲክ 5። ሄልሜት 40። ድምሩ 175 ነው። ቁልፍ ለጊዜው አትግዢ፣ ሳይክሉንም ደጅ አታቁሚው፤ ቤት ውስጥ አስገቢው። ልዩ ጫማና ልዩ ፔዳል ማለትም ገና ነው። ስኒከርሽን አድርጊና ንጂ።

ስለ ሄልሜት ሰው በከንቱ ይጨነቃል። ከ1999 ጀምሮ እዚህ ሀገር የሚሸጥ የሳይክል ሄልሜት ሁሉ አንድ ዓይነት የመንግሥት የደኅንነት መለኪያ ማለፍ ግዴታው ነው፤ የ40 ዶላሩም የ250 ዶላሩም። ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ከ2018 ጀምሮ የሳይክል ሄልሜቶችን እየፈተነ ደረጃ ያወጣል፤ ዝርዝሩ በነፃ ይታያል፣ ርካሽ ሆነው ጥሩ ደረጃ ያገኙ አሉበት። ያገለገለ ሄልሜት ግን በፍጹም፤ መቼ ወድቆ እንደተመታ አታውቂም። ፀጉርሽን ሹሩባ የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ ተሠርተሽ ሄደሽ ለኪው።

ሌክሳው ባይሆንስ? አትቸኩዪ። ያንቺ መጠን በገበያው ላይ ጥቂት ነው፤ ግን ፈላጊውም ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ዋጋው ይለዝባል። ስፔሻላይዝድ ዶልቼ፣ ጃየንት አቬይል፣ ፌልት ዜድ ደብልዩ፣ ወይም ትንሹ መጠን ስፔሻላይዝድ አሌ ቢወጣ እዪው። ትንንሽ ሳይክል ላይ የምትጠነቀቂው አንድ ወጥመድ አለ፦ የጎማው ጎን ላይ 571 የሚል ቁጥር ካየሽ ተዪው። ያ ከተለመደው ያነሰ የቆየ የጎማ መጠን ነው፤ መለዋወጫ ጎማ ፍለጋ ትንከራተቻለሽ። የምትፈልጊው 622 የሚለውን ነው፤ እሱ 700 ተብሎም ይጻፋል።

ከግለሰብ መግዛት ካስፈራሽ አርሊንግተን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ፊኒክስ ባይክስ አለ፤ ለትርፍ ያልቆመ ነው፣ ወጣቶችን ጥገና ያስተምራል፣ የተጠገነ ሳይክልም ይሸጣል። አንቺው ከተማ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደግሞ ቬሎሲቲ የሚባል የሳይክል ኅብረት አለ። እዚያ መሣሪያውን ተጠቅመሽ፣ የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ቆሞ እያሳየሽ፣ ሰንሰለቱንና የፍሬኑን ጎማ ራስሽ ትቀይሪያለሽ። ሱቅ ብትወስጂው ለሙሉ ሰርቪስ 100 እና ከዚያ በላይ ይጠይቁሻል፤ ያ ገንዘብ የለንም። ከመሄድሽ በፊት የሚከፍቱበትን ሰዓት እዪ። መጠበቅ ከቻልሽም ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ጠብቂ። ሲበርድ ሳይክል የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ ሰው አይገኝም፤ በሚያዝያ 260 ያለሽ ሰው በታኅሣሥ 180 ሲል ሰምቻለሁ።

ከገዛሽው በዚያው ቀን የመለያ ቁጥሩን በስምሽ ባይክ ኢንዴክስ ላይ አስመዝግቢ፤ የሻጩንም መልእክት አታጥፊው። ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ የኋላ ማርሹን፣ የቸርኬውን ጎንና ማስመሪያው ላይ ያለውን ሰንሰለት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ እዚያው ቆመሽ እያለሽ እመልስልሻለሁ።